የግራ ጉልበቴና የዶክተሩ ጎማ

ሰኞ ጥቅምት 4

ቦሌ። ሠራተኞቹን አውርጄ ጥላ ፈልጌ ቆሜያለሁ። እስከ አሥራ አንድ ተኩል ሥራ የለም። የሰርቪስ ሹፌር ኑሮ ይኸው ነው... ጠዋት ከየካ አባዶ ለቅሞ ማምጣት፣ ቀኑን ሙሉ መጎለት፣ ማታ መልሶ ማድረስ። ስልክ ዓይኔን ያቃጥለኛል፣ እንቅልፍ ቀን ቀን አይወስደኝም። ስለዚህ እጽፋለሁ። ማን ሊያነበው? ማንም። እሱ ነው ጥሩነቱ።

ዛሬ ኢምፔሪያል ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ፍሪሲዮን ስረግጥ ስለቅ፣ ስረግጥ ስለቅ... ግራ ጉልበቴ ጮኸ። በጆሮዬ ሰማሁት፣ ወላሂ። ደርሰን ልወርድ ስል እግሬ አልዘረጋም አለ። በሩን ይዤ ትንሽ ቆምኩ። ሒሳብ ክፍል የምትሠራው ወይንሸት አየችኝ። ጋሽ ሰዲቅ ምነው አለች። ደህና ነኝ አልኩ።

ማታ ስንመለስ መኪናው ውስጥ ያለው ሁሉ ሐኪም ሆነ። ወይንሸት ሪህ ነው፣ ሥጋ ይተው አለች። ከኋላ የሚቀመጠው ልጅ ብርድ ነው፣ መስኮት ከፍተው ስለሚነዱ ነው አለ። አንዷ ነጭ ሽንኩርት፣ አንዷ የጥቁር አዝሙድ ዘይት። ሥጋውንስ ከየት አግኝቼ ነው የምተወው ብላቸው ሳቁ።

ባለቤቴ ፈሂማ ቅባት አሸችኝ። ቁርጥማት ነው አለች። እሷ ዘንድ ሁሉም ነገር ቁርጥማት ነው።

ሐሙስ ጥቅምት 7

ሐኪም ጋ ሄድኩ። ልጄ ሚስኪ ናት ያስያዘችልኝ፣ ገርጂ አካባቢ ያለ ክሊኒክ። አያት ሰፈር ከባሏ ጋር ነው የምትኖረው። "አባ ፕሊስ፣ ዝም ብለህ ፔይንኪለር አትዋጥ" እያለች በስልክ ስትነዘንዘኝ ከረመች።

ዶክተር ፊሊሞን ይባላል። ልጅ ነው፣ ሠላሳ ቢሆነው ነው። ሰው አክባሪ። ምን ያምዎታል አባቴ አለኝ። ደህና ነኝ አልሐምዱሊላህ አልኩት። ደህና ከሆኑ ለምን መጡ ብሎ ሳቀ። ትንሽ ጉልበቴን አልኩ።

ትንሽ! ትራስ በጉልበቶቼ መሀል አድርጌ የምተኛው ሰውዬ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲሉ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ሐኪም ፊት ስቀርብ ግን ማማረር ነውር ይመስለኛል። እናቴም እንዲሁ ነበረች፣ አላህ ይማራት፣ ደህና ነኝ እያለች ነው የሄደችው።

ራጅ አስነሳኝና ኮምፒውተሩን አዙሮ አሳየኝ። ስሙን ነገረኝ። ኦስቲዮአርትራይተስ። ረጅም ነው፣ አስደገምኩት። ግራ የገባኝ ሲመስለው፣ ሥራዎ ምንድን ነው አለኝ። ሹፌር ነኝ። ፊቱ በራ።

"በቃ፣ ይገባዎታል። ጎማ እየሄደ ያልቃል አይደል? የእርስዎም ጉልበት እንደዚያው ነው። በአጥንቱና በአጥንቱ መሀል ያለው ተበልቶ አልቋል። ዕድሜ ነው አባቴ፣ ምን ይደረጋል።"

ገባኝ። እሱ ካሰበው በላይ ገባኝ። ሠላሳ ዓመት ጎማ ስዳስስ ለኖርኩት ለእኔ፣ ጥርሱ አልቆ ሊሾ የሆነ ጎማ ምን እንደሚሆን ይነገራል?

ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ተናገረ። ክኒን፣ ቅባት፣ ክብደት፣ ቀለል ያለ እንቅስቃሴ... ጆሮዬ ግን ጎማው ላይ ቀርቶ ነበር። ጥያቄ አለዎት ሲለኝ የለኝም አልኩ። በሩን እንደዘጋሁ ጥያቄው ሁሉ መጣ። ምን ያህል ቀርቶታል? እስከ መቼ ያደርሰኛል? የሰው ጎማ ይቀየራል? ተመልሼ እንዳልገባ አንዲት እናት በዱላ እየተደገፉ ገብተዋል።

ዓርብ ጥቅምት 8

ኢንተርኔት ላይ አልፈልግም ብዬ ምዬ ነበር። ፈለግኩ። ምነው ባልፈለግኩ።

ማክሰኞ ጥቅምት 12

ያለቀ ጎማ ይዘህ ጋራዥ እስክትደርስ የምታደርገው ይታወቃል። ቀስ ትላለህ። ጭነት ትቀንሳለህ። የማያስፈልግ መንገድ አትሄድም። ያለችህን ታተርፋለህ።

እኔም እንደዚያው። ቤታችን አራተኛ ፎቅ ነው። ጠዋት ከወረድኩ ማታ ነው የምወጣው፣ በቃ። ለሱብሒ ሶላት መስጊድ መውረድ ቀረ። ቤት እሰግዳለሁ፣ እሱም ወንበር ላይ። ሱቅ፣ ለቅሶ፣ የጎረቤት ጉዳይ... ፈሂማ ትሂድ።

ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ሲመጣም እኛ ጋ ሳይደርስ ይደክመዋል። ከታች በጀሪካን ማውጣት የእኔ ሥራ ነበር። ተወው እኔ አወጣዋለሁ አለች ፈሂማ። ትንሽ አንገራገርኩ። ለይሉኝታ ያህል ነው። ከዚያ እሺ አልኩ።

ዓርብ ጥቅምት 22

አሁን ደግሞ ቀኙ ጀመረው። ግራውን ላሳርፍ ብዬ ሸክሙን ሁሉ በቀኙ ላይ ጥዬ ስከርም እሱም ተቀየመ። ሰው ስኮርታ ጎማ የለው ነገር...

ሰኞ ኅዳር 2

ደቻሳ አንድ ወጌሻ ጋ ወሰደኝ። ደቻሳ አጠገቤ መኪና ያቆም የነበረ ሹፌር ነው፣ ጥሩ ልጅ፣ የሚነዳትን መኪና ባለቤቷ ሸጧት ሥራ ፈትቷል። ወጌሻው ኮተቤ ነው ያለው። ጉልበቴን በአውራ ጣቱ ዳበሰና ቦታውን ለቋል አለ። አሸው። ጮህኩ። ደቻሳ ፊቱን አዞረ፣ እየሳቀ መሆኑን ግን ከትከሻው አይቻለሁ።

እንግዲህ ሪህ፣ ብርድ፣ ቁርጥማት፣ ቦታውን የለቀቀ፣ ያለቀ ጎማ። አንድ ጉልበት ይሄን ሁሉ እንዴት ቻለ?

ከሁሉም የማምነው ጎማውን ነው። ፎቶውን በዓይኔ አይቻለሁ።

ሐሙስ ኅዳር 12

መኪናዋ ለቦሎ ምርመራ ቀርባ አለፈች። እኔ ብቀርብ ነበር የምወድቀው።

ኢምፔሪያል ጋ ስደርስ አሁን ፍርሃት ነው የሚመጣብኝ። ሕመሙ አይደለም። ፍሪሲዮን በረገጥኩ ቁጥር ካለችኝ ጎማ ላይ የምትቀነስ ይመስለኛል። ዛሬ አንዱ ከኋላዬ ጡሩንባውን ለቀቀው። ለካ መንገዱ ተከፍቷል፣ እኔ ላለመርገጥ ብዬ ቆሜያለሁ። ወይንሸት እንኳ አልቀለደችም።

እሑድ ኅዳር 22

ቁልፉን ለደቻሳ ሰጠሁት። ከነገ ጀምሮ እሱ ይነዳል። ለጊዜው ነው አልኩት፣ እስከ ጥር እንየው አልኩት።

ለፈሂማ ግን እውነቱን ነገርኳት። እስከ ጥር ካልተሻለኝ መኪናዋን ሸጠን ኮምቦልቻ እንግባ። የወንድሜ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል አለ፣ ምድር ላይ ነው፣ ደረጃ የሚባል የለውም። መርፌ ላይ ክር እያስገባች ነበር። ፈሂማ ልብስ ትሰፋለች፣ ሳሎኑ ግማሹ የእሷ ጨርቅ ነው፣ የብሎኩ ሴቶች ሁሉ ደንበኞቿ ናቸው።

"ልጄ እዚህ፣ ሥራዬ እዚህ። ደረጃ የለውም ተብሎ ቤት ይለቀቃል እንዴ?"

ካለቀብኝ ምን ላድርግ አልኳት። የስፌት መኪናውን መርገጥ ጀመረች፣ እስክተኛም አላቆመችም።

ረቡዕ ታኅሣሥ 2

ቤት። ቴሌቪዥን። ቤት።

ጠዋት በረንዳ ላይ ወንበር አውጥቼ ደቻሳ ሲመጣ ሲሄድ አየዋለሁ። ማርሽ ሲቀይር ያንገጫግጫታል። ጮክ ብዬ ልነግረው እልና እተወዋለሁ። ከአራተኛ ፎቅ እየጮኹ ማርሽ ማስተማር...

ሱሪዬ አልዘጋም ብሏል። ደግሞ የሚገርመው ካረፍኩ ወዲህ ብሶብኛል። ከሶፋ ስነሳ ሁለቱም ጉልበቶቼ እንጨት ናቸው፣ እስኪፍታቱ ግድግዳ ይዤ ነው የምሄደው። ሳይነዳ የሚያልቅ ጎማ አይቼ አላውቅም። ይሄ ምን ዓይነት ጎማ ነው?

ፈሂማ ውሃ ስታወጣ የጀሪካኑ ድምፅ ይሰማኛል። በየፎቁ ታስቀምጠዋለች። ትቆያለች። እንደገና ታነሳለች። ዛሬ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አደረግኩት። አፈርኩ። ድምፁን ግን አልቀነስኩትም።

ቅዳሜ ታኅሣሥ 12

ሚስኪ መጣች። ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ተቆጣችኝ። አባ ዲፕረስድ ሆነሃል፣ ፂምህን እንኳ አልተላጨህም፣ እማን እያት እስቲ፣ ከስታ... ፈሂማ አንቺ ተይው ብላ አቋረጠቻት።

አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ፊዚዮቴራፒ ክፍል የምትሠራ የጓደኛዋ እህት አለች። ለሰኞ ቀጠሮ ይዤልሃለሁ አለች። ማሸት ከሆነ ታሽቻለሁ አልኳት። ማሸት አይደለም አለች። እሺ አልኩ፣ እንድትሄድልኝ።

ሰኞ ታኅሣሥ 14

የፊዚዮቴራፒዋ ልጅ አስመረት ትባላለች። አጭር፣ ፈጣን፣ ሳቋ የሚቀድማት። እንዴት ነዎት ስትለኝ ደህና ነኝ አልኩ። "ደህናውን በር ላይ እናስቀምጠው" አለች። ራጁን ሰጠኋት፣ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። አላየችውም! ተናደድኩ። ያን ያህል ተሸክሜ የመጣሁትን።

መጀመሪያ የጠየቀችኝ የት ያምዎታል አይደለም። ምን ማድረግ አቃተዎት ነው። ቀጥላ ደግሞ ምን ይፈራሉ አለችኝ። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሐኪም የለም። ምን ልበል... እንዳያልቅ እፈራለሁ አልኳት። ምኑ? አለች። ጎማው።

ነገርኳት። ዶክተሩ ያለኝን፣ ደረጃ መተዌን፣ መስጊዱን፣ ፍሪሲዮኑን፣ ደቻሳን፣ ኮምቦልቻን። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ሳቋ ጠፋ።

"ስለዚህ ባመመዎት ቁጥር እየተበላ ነው ብለው ነው የሚያስቡት?"

"አዎ።"

"ጋሽ ሰዲቅ፣ ጎማ ሕይወት የለውም። ጉልበትዎ አለው። ካሠሩት ዙሪያውን ያለው ሥጋና ጅማት ይጠነክራል፣ ካስቀመጡት ይሟሽሻል። አመመዎት ማለት ተበላ ማለት አይደለም።"

ራጁስ ውሸት ነው ወይ አልኩ። ውሸት አይደለም አለች፣ አሁን አንስታ አየችው። ከዚህ የባሰ ራጅ ይዘው ደረጃ የሚወጡ አሉ፣ ከዚህ የተሻለ ይዘው በአልጋ የሚመጡም አሉ፣ ፎቶው ብቻውን የሚሆነውን አይናገርም አለች። በአንዴ ማመን አቃተኝ። እንደ ኩሽኔታ ነው በይኛ፣ ካልዞረ ግራሶው ይደርቃል አልኳት። መኪናውን ይተዉልኝ አለች። መኪና ራሱን አይጠግንም፣ እርስዎ ግን በመጠኑ ይጠግናሉ አለች።

ከዚያ እጅዎን ሳይደገፉ ከወንበር ይነሱ አለችኝ። ቀላል ነው ብዬ... አልተነሳሁም። ገና ስልሳ ያልሞላኝ ሰው! ጭኔ ተንቀጠቀጠ፣ ተመልሼ ዘጭ። አየችኝ፣ አልሳቀችም። በሽታዎ ብቻ አይደለም፣ መቀመጡም ነው አለች።

የቤት ሥራ ሰጠችኝ። ከወንበር መነሳት መቀመጥ፣ እግር ዘርግቶ መያዝ፣ ደረጃ በጥቂቱ፣ መስጊድ በእግር። ማመሙ አይቀርም፣ የሚቻል ሕመም ከሆነና በማግስቱ ከበረደ አይፍሩት አለች። አይበርድም ካለ መጠኑን እንቀንሳለን እንጂ አንተወውም አለች።

ማክሰኞ ታኅሣሥ 15

አመመኝ። ጭኔን ነው ግን፣ ጉልበቴን አይደለም... ወይስ ጉልበቴን ነው? አላመንኳትም። ግን ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ። ወንበሩ ያ የምሰግድበት ነው፣ ሌላው ሁሉ ጨርቅ ተቆልሎበታል።

ረቡዕ ታኅሣሥ 16

በረደ። እንዳለችው።

ማክሰኞ ታኅሣሥ 22

ከብሎካችን ሥር የቆመች አንዲት ኮሮላ አለች። ባለቤቷ ከሀገር ወጥቷል። ስትመጣ ምን የመሰለች ነበረች። ዛሬ በእግሬ ሳልፍ ቆሜ አየኋት። ጎማዎቿ ተኝተዋል፣ ፍሬኗ ዝጎ ተጣብቋል፣ ባትሪዋማ አይነሳ። ማንም አልነዳትም። ቆማ ነው የሞተችው።

እንዴት ይሄ አልታየኝም? መኪና ቆሞ እንደሚበላሽ የማያውቅ ሹፌር አለ? ዶክተሩ ጎማ ሲለኝ ስለ ጎማ ብቻ አሰብኩ።

ለአስመረት አልነግራትም። መኪና አትወድም።

እሑድ ጥር 4

ግማሽ ጀሪካን ውሃ ይዤ ወጣሁ። በየፎቁ አረፍኩ። ሦስተኛ ላይ ፈሂማ አገኘችኝ፣ ፊቷ ተለዋወጠ። ተው አንተ ሰውዬ ያልቅብሃል ብላ ከእጄ ልትቀማኝ ታገለችኝ። ያ ጎማ እሷም ውስጥ ገብቷል ለካ። እኔ ነኝ ያስገባሁት፣ ማታ ማታ እያወራሁ።

አስመረት ያለችኝን ነገርኳት። እሷ ያየችህ በዓይኗ ነው፣ ዶክተሩ በመሣሪያ አይቶሃል አለችኝ። ቆመን ተከራከርን። ጎረቤት በር ከፍቶ አየን፣ መልሶ ዘጋ። በመጨረሻ ጀሪካኑን ለሁለት ይዘን ወጣን። ለሁለት መያዝ ደረጃ ላይ የባሰ ነው፣ ውሃው ግማሹ ጫማዬ ላይ ቀረ።

ሰኞ ጥር 19

ነዳሁ!

ደቻሳ አልተቀየመም። ለሌላ መሥሪያ ቤት ሰርቪስ ሰው ይፈልጋሉ ተብሎ ነበር፣ እኔን እንዳያስከፋ ብሎ ነው የቆየው። አንዳንዱን ሰው አላህ ሲባርከው... ቁልፉን ሲሰጠኝ ማርሿ ትንሽ ከበድ ትላለች አለኝ። አንተ ነህ ያከበድካት አልኩት።

ኢምፔሪያል እንደ ወትሮው። ፍሪሲዮን፣ ልቀቅ፣ ፍሪሲዮን። አመመኝ። አይ፣ አመመኝ፣ ምን ይደበቃል። ግን ሕመም ብቻ ነበር። ከእኔ ላይ የሚቀነስ ነገር የለም እያልኩ ረገጥኩ። ወይንሸት ሥጋ ጀመሩ እንዴ፣ ፊትዎ ወዛ አለች።

ሠራተኞቹን ካወረድኩ በኋላ እንደ ድሮው አልተጎለትኩም። እስከ አደባባዩ በእግሬ ሄጄ ተመለስኩ። ዘበኞቹ ጋሽ ሰዲቅ ምን ጠፋብዎት ይሉኛል።

ስለ ኮምቦልቻ ማንም አላነሳም። እኔም አላነሳሁ። ፈሂማም።

ሰኞ የካቲት 24

ረመዳን ገብቷል። ማታ ለተራዊሕ ሶላት መስጊድ ሄድኩ። ወንበር ይዘን ከኋላ የምንሰለፍ ሽማግሌዎች አለን። የተወሰነውን ወንበር ላይ ሰገድኩ። መጨረሻ ላይ ወንበሩን ገፋ አደረግኩና ከሰዉ ጋር ወረድኩ።

ግንባሬ ምንጣፉን ሲነካ አለቀስኩ። ከጥቅምት ጀምሮ ናፍቆኝ ነበር። ስነሳ በእጄ ተደግፌ ነው፣ ቀስ ብዬ ነው። አጠገቤ ያለው ሰው ክርኔን ያዘኝ፣ ማን እንደሆነ አላየሁትም።

ዓርብ መጋቢት 12

ዛሬ ሠራተኞቹ ግማሽ ቀን ስለሠሩ ቀድሜ ገባሁ። ደረጃውን ስወጣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሴት ተቀምጣለች። ፈሂማ ናት። አጠገቧ ለዒድ የተሰጣት የጨርቅ ጥቅል። ሁለት እጇን ጉልበቶቿ ላይ አድርጋ ታሻለች። ሳታየኝ አየኋት። ፊቷ ላይ ያለውን ነገር አውቀዋለሁ። የራሴ ፊት ነው።

ስታየኝ ልትነሳ ፈለገች፣ አቃታት። ብረቱን ያዘች። ምነው አልኳት። ደህና ነኝ አለች።

"ከመቼ ጀምሮ ነው ደህና የሆንሽው?"

"ከኅዳር" አለች።

ኅዳር። እኔ ሶፋ ላይ ሆኜ የቴሌቪዥን ድምፅ ከፍ ሳደርግ እሷን ሲያማት ነበር ማለት ነው። ጨርቁን ተሸክሜ ከኋላዋ ወጣሁ። ቤት ገብተን ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። ተቆጥቼ ነው የጠየቅኳት፣ የተቆጣሁት ግን ከራሴ ሌላ በማንም ላይ አይደለም። ስኒ እያጠበች፣ ሳትዞር መለሰችልኝ።

"በአንድ ቤት አንድ ያለቀ ይበቃል ብዬ ነው።"

ሐኪም ጋ እንሂድ አልኳት። አልሄድም አለች። አፍጥረን ጨረስን፣ አሁንም አልሄድም። ለሚስኪ ደወልኩ።

እሑድ መጋቢት 21

ዒድ። ሚስኪና ባሏ መጡ። ፈሂማ ከዒድ በኋላ እሄዳለሁ ብላ ለሚስኪ ቃል ገባች። ለእኔ አይደለም። ለሚስኪ።

ሐሙስ መጋቢት 25

ሄድን። አስመረት ጋ ልወስዳት ነበር፣ መጀመሪያ ሐኪም ይያት ብላ መለሰችን። ስለዚህ ያው ክሊኒክ፣ ያው ዶክተር ፊሊሞን። አስታወሰኝ፣ አባቴ እንዴት ነው ጉልበትዎ አለኝ። አሁንም ያማል፣ ግን እነዳለሁ አልኩት። ደስ አለው።

ፈሂማን አስቀመጣት። ምን ያምዎታል እናቴ? "ምንም። ትንሽ ጉልበቴን።" እኔ ወለሉን አየሁ።

ዳሰሰ፣ አጠፈ፣ ዘረጋ። ራጁ መጣ። ኮምፒውተሩን ወደ እሷ አዞረው። የፈሂማ እጅ ቦርሳዋ ላይ ጠበቅ አለ። ግራ እንደገባት አየና፣

"ሥራዎ ምንድን ነው እናቴ?" አላት።

"ልብስ እሰፋለሁ።"

ፊቱ በራ። ያን ፊት አውቀዋለሁ። "በቃ፣ ይገባዎታል። እንግዲህ ጨርቅ..."

"ዶክተር" አልኩ። ድምፄ ራሴንም አስደነገጠኝ። ሐኪም ሲናገር አቋርጬ አላውቅም። "ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለእሷ ምሳሌ አይስጧት። የምትፈራውን ይጠይቁልኝ።"

ከዚያ ነገርኩት፣ በአጭሩ። ጎማ ብሎ እንደነገረኝ። ጎማውን ላተርፍ ብዬ መኪናዬን ለሰው እንደሰጠሁ፣ ቤት እንደዋልኩ፣ የእኔን ድርሻ ውሃ ማን ሲያወጣ እንደከረመ። እንቅስቃሴ ያድርጉ ብዬዎት ነበር እኮ አለ፣ ቀስ ብሎ። ብለውኛል አልኩ፣ ግን ከጎማው በኋላ ነው ያሉኝ። መነጽሩን አወለቀ። እንዲቀልልዎት ብዬ ነበር አለ። አውቃለሁ፣ በቅንነት ነው አልኩት። እውነቴን ነው። ክፉ ልጅ አይደለም፣ ውጪ የተሰለፈውን ሰው ያየ ይፈርዳል።

ኮምፒውተሩን ወደ ጎን አዞረው። ወንበሩን ወደ ፈሂማ ጠጋ አደረገ።

"እናቴ፣ ስለ ጉልበትዎ ምንድን ነው የሚፈሩት?"

አትመልስም ብዬ ነበር። ለእኔ አራት ወር ያልነገረችኝን ለእሱ ልትነግረው?

"ደረጃ ካቃተኝ" አለች፣ "ይሄ ሰውዬ ኮምቦልቻ ይወስደኛል። እሱን ነው የምፈራው።"

ዶክተሩ እኔን አየኝ። እሷ አላየችኝም፣ ቦርሳዋን ነው የምታየው። ስለዚህ ነዋ። ለዚህ ነዋ ያን ሁሉ ጊዜ ደህና ነኝ የምትለው። እኔ ደግሞ ከጥር ጀምሮ ነገሩን የረሳን መስሎኝ ነበር። እኔ ብቻ ነኝ የረሳሁት።

"አልወስዳትም" አልኩ። ለዶክተሩ ነው የመለስኩት። እሷ ግን ሰምታለች፣ ቦርሳውን ለቀቀችው።

ከዚያ ዶክተሩ ነገራት። ያለ ጨርቅ፣ ያለ ክር። ሕመሙ ምን እንደሆነ፣ ምን እንዳልሆነ፣ መንቀሳቀስ እንደማይጎዳት፣ ለአስመረት ወረቀት እንደሚጽፍላት። ስፌቱስ አለችው። ይስፉ፣ ግን ቶሎ ቶሎ ተነስተው ይንቀሳቀሱ አላት። ጥያቄ አለዎት ሲላት አለኝ አለችው! ብዙ ጠየቀችው። እኔ በጥቅምት ያልጠየቅኩትን ሁሉ ጠየቀችልኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ ውሃ መጥቶ ነበር፣ ከታች ሰው ተሰልፏል። ጀሪካኑን እኔ ያዝኩ፣ እሷ ወረቀቷንና ክኒኗን። ሁለተኛ ፎቅ ላይ እሷ አረፈች፣ ሦስተኛ ላይ እኔ። ስለ ኮምቦልቻ የምርህን ነው? አለችኝ እያለከለከች። የምሬን ነው አልኳት።

ነገ ጠዋት ከወንበር መነሳትና መቀመጥ አብረን እንጀምራለን። አሁን ጨርቁን ከሌሎቹ ወንበሮች ላይ አንሺልኝ ብላት የሰው ልብስ ነው፣ ይጨማደዳል አለች። ስለዚህ ያው አንዷ ወንበር ናት ያለችን። በተራ ነው።